አልይዝም ያለው ፍሪሲዮን

ስሙኝማ! «እንስማህ» በሉና ልጀምር።

አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ፣ ሴት ልጅ ወዳላቸው ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት መጡ። አብረዋቸው የተላኩትን ሽማግሌዎች ቀድመው ደረሱና፣ መንገዱ ስለ ረዘመባቸው፣ ሳይቀመጡ ወደ ጓሮ ዞረው ሽንት ቤት ገቡ። በሩን ዘጉ። ወዲያው ነፋስ ተነሣ። ከአጥሩ ማዶ የነበረው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተገንድሶ መጣና በሩ ላይ ተጋደመ።

በሩ አልከፈትም አለ።

«አውጡኝ!» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «ወለሉ ሲጥ ሲጥ ይላል! ከሥሩ ያለውን ታውቁታላችሁ!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጥረቢያ አንሥተው ግንዱን አንዴ ቢመቱት ሽንት ቤቱ ከነጣሪያው ተናወጠ።

«ይተዉ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይተዉ! እዚያ ታች ከምወርድ እዚሁ ላርጅ!»

ከዚያ ይርሳው ተጠራ። ይርሳው እንጨት ቆራጭ ነው። ሞተር መጋዙን ተሸክሞ መጣ፣ ገመዱን ሳበ፣ ሞተሩ አገሳ። መጋዙን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ሰንሰለቱ ግን ቆሟል።

ሰንሰለቱ አልዞርም አለ፤ ግንዱ አልቆረጥም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ አቶ ቢያድግልኝም «አውጡኝ!» ይላሉ።

ይርሳው ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ፍሬኑን አየ፤ አልያዘም። ሰንሰለቱን በእጁ ጎተተ፤ ሳያስቸግር ዞረለት።

«እትዬ፣ ሞተሩ ደኅና ነው። ሰንሰለቱም ደኅና ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው የሚንሸራተተው» አለ። «ሞተሩ ሲፈጥን ሸራዎቹ ተከፍተው ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ታምቡር ጥብቅ አድርገው መያዝ ነበረባቸው። አሁን ይነኩታል እንጂ አይይዙትም።»

«እንደ ሰነፍ ሙሽራ በለኛ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«የእኛ ልጅ እንደዚያ አይደለም!» የሚል ድምፅ ከሽንት ቤት መጣ።

ይርሳው ክዳኑን ፈታ። ሸራው አላለቀም። ሞላዎቹም አልተበጠሱም። ነገር ግን ሁሉም በዘይት ይብለጨለጫል። ይርሳው ጆሮውን አከከ። ለካ ሰንሰለቱን ሲቀባ ዘይቱን አብዝቶ ፍሪሲዮኑንም አጠጥቶታል።

«ሰክሯል» አለ። «በንጹሕ ቤንዚን መታጠብ አለበት። የመጋዙ ቤንዚን ዘይት የተደባለቀበት ነው፤ ቅባት በቅባት አይለቅም።»

ፍሪሲዮኑ አልይዝም አለ፤ ሰንሰለቱ አልዞርም አለ፤ ግንዱ አልቆረጥም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ አቶ ቢያድግልኝም «ኧረ አውጡኝ!» ይላሉ።

ደጅ ላይ ባጃጅ ቆሟል። ባለ ባጃጁ ሰጠኝ ይባላል፤ የጎረቤቲቱ የወይዘሮ ደብሬ ልጅ ነው።

«ሰጠኝ፣ ትንሽ ቤንዚን ቅዳልኝ» አለው ይርሳው።

«እናቴ ‹ለዚያ ግቢ ጠብታ እንዳትሰጥ› ብላኛለች። እሷ ሳትፈቅድ አልቀዳም።»

ሰጠኝ አልቀዳም አለ፤ ፍሪሲዮኑ አልይዝም አለ፤ ሰንሰለቱ አልዞርም አለ፤ ግንዱ አልቆረጥም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ አቶ ቢያድግልኝም «የሰው ያለህ!» ይላሉ።

ይርሳው ወደ አጥሩ ሮጠ። ወይዘሮ ደብሬ እዚያው ቆመው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር።

«ዛፉ የኔ ነው» አሉ። «እሷ ግን ‹ዛፍሽ እንደ ምላስሽ ረዘመ› ብላ በማኅበር ፊት ሰድባኛለች። ይቅርታ ሳትጠይቀኝ አልፈቅድም!»

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «አጥሬን ሰብራ፣ እንግዳዬን ቀርቅራ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ? ሽማግሌ ካልለመነኝ አልጠይቅም!»

«ሽማግሌ ከየት ይምጣ?» አለ ሰጠኝ። ሁሉም ዞረው ሽንት ቤቱን አዩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልጠይቅም አሉ፤ ወይዘሮ ደብሬ አልፈቅድም አሉ፤ ሰጠኝ አልቀዳም አለ፤ ፍሪሲዮኑ አልይዝም አለ፤ ሰንሰለቱ አልዞርም አለ፤ ግንዱ አልቆረጥም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ አቶ ቢያድግልኝ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወለሉ ቀጭ አለ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ።»

«ሽማግሌ እግር ላይ ወድቆ ነው የሚለምነው። እኔ እዚህ ብወድቅ የት እንደምደርስ ያውቃሉ። ስለዚህ ይፍቀዱልኝና ቆሜ ልለምን።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ሊያጠቁሩ ሞከሩ፤ ሳቁ አመለጣቸው። ከአጥሩ ማዶም ወይዘሮ ደብሬ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ።

«እሺ፣ ደብሬ፣ ይቅር በይኝ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ምላስሽ ልክ ነው። ዛፍሽም ይኸው አጥሯል።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር! ሰጠኝ፣ ቅዳ እንጂ ምን ያስገትርሃል?»

ሰጠኝ ቀዳ። ይርሳው ሸራውን አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ መልሶ ገጠመ፣ ገመዱን ሳበ። ፍሪሲዮኑ ያዘ፤ ሰንሰለቱ ዞረ፤ ግንዱ ተቆረጠ፤ በሩ ተከፈተ፤ አቶ ቢያድግልኝ ወጡ!

ጋቢያቸው ሰጋቱራ ለብሷል። የቀሩት ሽማግሌዎችም ያን ጊዜ ደረሱ።

«በሉ ወደ ቤት ይግቡ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የሳሎኑን በር እየከፈቱ።

አቶ ቢያድግልኝ በሩን አዩት። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እዚሁ ሜዳው ላይ ይሁንልኝ» አሉ። «በር ለዛሬ በቅቶኛል።»

ልጅቱም እዚያው ሜዳ ላይ ተሰጠች፤ እኔም እዚህ ላይ ሞተሬን አጠፋሁ።