የአያ ደምለው ዘንግ

በእኛ ቀዬ ሰው ያመነው ሲከዳው የሚላት አንዲት አባባል አለች። ከየት መጣች ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ከጦር ሜዳ ነው ይላችኋል፣ ሌላው ከርስት ክርክር። ሁለቱም ውሸታቸውን ነው። እኔ ነበርሁበት፤ እንዲያውም ቢላዋው በእጄ ነበር። ወሬ ላይ ጨው እንደምነሰንስ የምታውቁኝ ሁሉ አትስጉ፤ በዚች እንኳ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው ያማረኝ።

አያ ደምለው ኑሯቸው በንብ ነው፤ ፍቅራቸው ግን አሮጌ ነፍጥ ነበር። የዛሬውን ጠመንጃ ማለቴ አይደለም፤ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ አስገብተው በዘንግ የሚጠቀጥቁትን የጥንቱን ነው። ከየሰው ጣሪያ ሥር ዝገት የበላውን እየለቀሙ፣ በአሸዋና በሎሚ ፈትገው፣ የኑግ ዘይት አጠጥተው፣ ሰደፉን ከወይራ ጠርበው ነፍስ ይዘሩበታል። ከሁሉ የሚወዱት የአያታቸውን ነበር፤ እሱን ለማደስ ሦስት ክረምት ፈጅተዋል። «ሲተኮስ ከጭሱ ብዛት ዶሮ መሸ ብሎ ቆጥ ይወጣል» እያልሁ አወራላቸው ነበር። ደስ ይላቸዋል።

የዚህ ዓይነት ነፍጥ ክፋቱ፣ ይጉረስ አይጉረስ ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ አያ ደምለው ዘንጉ ላይ በቢላዋ አንድ ምልክት አበጅተዋል። ዘንጉን ወደ ውስጥ ሲሰዱት ምልክቱ ከአፈሙዙ እኩል ከሆነ ባዶ ነው፤ «ጾሟል» ይላሉ። ምልክቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ ከቀረ ጎርሷል፤ «በልቷል» ይላሉ። ሳይለኩ ተኩሰው አያውቁም።

በዚያ ዓመት ታዲያ መርሳት ጀማምሯቸው ነበር። ባርኔጣቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው ባርኔጣዬን አምጡ ይላሉ። ልጃቸው ትዋብ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባዬ፣ የነፍጡን ነገር አንዴ ስትረሳ ብቻ ልይ፤ ያን ቀን ከዚህ ቤት አወጣዋለሁ» አለቻቸው።

«ያን ቀን እኔንም አብረሽ አውጪኝ» አሉ።

ሳቅን። የሌላው ሳቅ እዚያው ቀረ፤ የእኔ ሳቅ ግን ተንኮል ወለደ።

ከርከሮ ማሽላውን ሊጨርሰው ሆነና ለቅዳሜ ጧት አደን ተቀጠረ። ዓርብ ከሰዓት አያ ደምለው የአያታቸውን ነፍጥ በፊቴ አጎረሱት፤ ለኩት፤ «በልቷል» ብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ማር ሊያመጡልኝ ጓዳ ገቡ። ለእኔ ማር ሊያመጡ! እኔ ቢላዋዬን መዘዝሁና ከድሮው ምልክት አራት ጣት ዝቅ ብዬ አዲስ ምልክት ቆረጥሁ፤ የድሮውን በሰምና በጥቀርሻ ደፈንሁት። ማሬን በልቼ፣ መርቄ ወጣሁ።

ሐሳቤ ምን ነበር? ጧት ሲለኩ የጎረሰው ነፍጥ ባዶ ይመስላቸዋል። «ትናንት አጉርሼው! ባሩዴን ሰይጣን በላው!» እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ስቀን ስቀን ሲበቃን እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ ማሳው ዳር ቆምን። ትዋብ የውሃ ቅል ይዛለች፤ ጎረቤታችን እመት አንጓች ከርከሮ ማስደንገጫ ቆርቆሮ ይዘዋል፤ አምስት ስድስት ጎልማሶችም አሉ። አያ ደምለው ዘንጉን ሰደዱ። አዩት። አውጥተው እንደገና ሰደዱት።

«ጾሟል» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን አልህ አባዬ?»

«ምንም አላልሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሞላልኝ፣ ትናንት አብረኸኝ ነበርህ። አጉርሼው አልነበር?»

መናገሪያዬ ያኔ ነበር። ግን ከጎልማሶቹ አንድም የሳቀ የለም፤ ቀልዴን ጥሬውን አላወጣም ብዬ፣ «እኔ እንጃ አያ፤ ማሩ ዓይኔን ጋርዶት ነበር» አልሁ።

የሰው ፊት እንደዚያ ሲከስም አይቼ አላውቅም። ለትዋብ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንዳታያቸው እየተጣደፉ በጎረሰው ላይ ባሩድ ጨመሩ፤ እርሳስ ጨመሩ፤ ጠቀጠቁ። «አደራህን፣ እንዳትነግራት» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔን አደራ አሉኝ! አፌን ስከፍት እመት አንጓች ቆርቆሯቸውን ደበደቡ፤ ከርከሮው ከማሽላው ውስጥ ተወርውሮ ወጣ።

«አያ፣ ቆይ—»

ድምፁን አላጋንንላችሁም። ጭሱ ሲገለጥ የነፍጡ አፈሙዝ እንደ ደረቀ የአተር ቅርፊት ተሰንጥቋል፤ ከአያ ደምለው ግራ እጅ ሁለት ጣት የለም። ከርከሮውን የነካው የለም።

ትዋብ ነጠላዋን ቀድዳ እጃቸውን እያሰረች፣ «ረሳህ» አለች።

«ረሳሁ» አሉ፣ እንዳጠፋ ልጅ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ነፍጦች ለየባለቤቱ መለሱ። ቀፎ መቁረጥ ተዉ። ሰው ዛሬ ቀኑ ማነው ብሎ ሲጠይቃቸው እንኳ መልሱን እያወቁ ወደ ትዋብ ያያሉ። ቁስሉስ ይድናል፤ ይኼኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሦስት ሳምንት ተሸክሜው ዞርሁ። በአራተኛው እሑድ እመት አንጓች ቁስሉን ሲያጥቡ ገባሁና ዘንጉን ከጥግ አንስቼ ሰሙን በጥፍሬ ፈለቀቅሁት።

«አልረሱም አያ» አልሁ። «እኔ ነኝ።»

ትዋብ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ ተነሳች። አያ ደምለው በተጠቀለለ እጃቸው አገዷት። በደህናው አውራ ጣታቸው አንዱን ምልክት ዳሰሱ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

«አጉርሼው ነበር?»

«አጉርሰውት ነበር።»

«ትዋብ! ሰማሽ? አልረሳሁም እኮ!» አሉና ዕንባቸው ወረደ። ስለ ጣታቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢረግሙኝ በተሻለኝ። ነፍጥ ግን ዳግም አላነሱም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ማር በአፌ አልዞረም።

እመት አንጓች ጨርቁን ቋጥረው ሲጨርሱ ዘንጉን ከእጄ ነጠቁ፤ ሁለቱን ምልክቶች ገልበጥ አድርገው አዩና፣ እኔን ለማየት እንኳ ሳይፈቅዱ ወደ በሩ እያዩ፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚላትን አሉ፦ «ነፍጡን በዘንግ ለካ፣ ወዳጁን ሳይለካ።»