የምንታምር ጎመንና አንድ ጆግ ውሃ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ እዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው በቆርቆሮ ቤቶች የተከበበ ትምህርት ቤት ነው፤ በግቢው አሮጌ የመኪና ጎማዎች፣ በጎማዎቹ ውስጥ አፈር፣ በአፈሩ ላይ አትክልት። «ለምን በጎማ?» ትሉ ይሆናል። ግቢው ሲሚንቶ ነዋ! ሲሚንቶ ደግሞ ጎመን አያበቅልም።

የሦስተኛ ክፍሏ ምንታምር አንድ ጎማ፣ በጎማው ውስጥ አንድ ጎመን ነበራት። ጎመኑ ጠወለገ። አትክልት የሚያስተምሯቸው ቲቸር ደግሞ «ነገ ጠዋት የደረቀበት ልጅ ጎማውን ለሌላ ይለቃል» ብለዋል። ምንታምር የፈለገችው አንድ ጆግ ውሃ ብቻ ነው።

ወደ ቧንቧው ሮጠች። «ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ውሃ ስጠኝ፤ ጎመኔ ጠወለገ።»

«ጉሮሮዬ ላይ ቁልፍ አለ፤ አልሰጥሽም» አለ ቧንቧው። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ቧንቧ ይቆለፋል።

ወደ ዘበኛው ሄደች። «ጋሽ ደርብ፣ ይክፈቱልኝ። ቁልፍ ከሌለ ቧንቧ አይከፈትም፣ ቧንቧ ካልተከፈተ ጎመኔ አይጠጣም።»

«ደብዳቤ አለሽ?»

«ለአንድ ጆግ?»

«ለአንድ ማንኪያም ቢሆን! የያዝኩት እኮ የመንግሥት ቁልፍ ነው።»

ወደ ጸሐፊዋ ሄደች። «እትዬ ፈለቀች፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ደብዳቤ ከሌለ ጋሽ ደርብ አይከፍቱም፣ ጋሽ ደርብ ካልከፈቱ ቧንቧው አይፈስም፣ ቧንቧው ካልፈሰሰ ጎመኔ አይጠጣም።»

እትዬ ፈለቀች «ለአንድ ጎመን አንድ ጆግ ውሃ እንዲሰጥ» ብለው ጻፉ። ማህተሙን አነሱና ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት። ምንም የለም። አፋቸውን ከፍተው «ሃህ፣ ሃህ» እያሉ ተነፈሱበትና ደገሙት። አሁንም ምንም።

«ቀለሙ ደርቋል፣ ልጄ።»

«አይገዛም?»

«ቀለም ለመግዛት ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ይጻፉዋ!»

«ደብዳቤው ማህተም ይፈልጋል።»

ተያዩ። ቀድመው የሳቁት እትዬ ፈለቀች ናቸው።

ምንታምር ግን ወደ ጎማዎቹ ሮጠች። ከጎኗ ያለው ጎማ የኢዮስያስ ነው፤ የተከለው ደግሞ ቀይ ሥር። ቀይ ሥር ጣት ላይ ካረፈ በሳሙና እንኳ ቶሎ አይለቅም፤ ልጅቷ ይህን ታውቃለች።

«ኢዮስያስ፣ ቀይ ሥርህን ስጠኝ። ቀይ ሥር ከሌለ ማህተሙ አይመታም፣ ማህተሙ ካልመታ ደብዳቤው አይሠራም፣ ደብዳቤው ካልሠራ ጋሽ ደርብ አይከፍቱም፣ ጋሽ ደርብ ካልከፈቱ ቧንቧው አይፈስም፣ ቧንቧው ካልፈሰሰ ጎመኔ አይጠጣም!»

«አይጠጣ! ጎማሽ ለማን እንደሚደርስ ታውቂያለሽ?» ደረቱን ነፋ። «ለኔ!»

«ተወው በቃ። ኤልዳናም ቀይ ሥር ተክላለች፤ የሷን እጠይቃለሁ። የትምህርት ቤቱ ማህተም በማን ቀይ ሥር ነው የተመታው ሲባል፣ በኤልዳና ይባላል።»

«ቆይ ቆይ! የትምህርት ቤቱ ማህተም? በኔ ቀይ ሥር?»

ነቀለው።

ምንታምር ከሁለት ሰበረችው። ቀይ ሥሩ ማህተሙን ቀባ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን መታ፣ ደብዳቤው ጋሽ ደርብን ከበርጩማቸው አስነሳ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሱት።

«ይሄ ማህተም ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ተናዶ ነው፣ ጋሽ ደርብ። ብዙ ጠበቀ።»

ጋሽ ደርብ የተናደደ ማህተም አይተው አያውቁም፤ ፈጠን አሉ። ቁልፉ ዞረ፣ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ጆጉ ሞላ፣ ጎመኑ ጠጣ። ከሥሩ ነው የጠጣው፤ ጎመን በቅጠሉ አይጠጣም።

«ለሚቀጥለው ሌላ ደብዳቤ ታመጫለሽ» አሉ ጋሽ ደርብ ሲቆልፉ።

«ችግር የለም፤ ግማሹ ቀይ ሥር አለ።»

በማግስቱ ቲቸር ሲመጡ ጎመኑ ጆሮውን አቁሞ ጠበቃቸው። ጎማው የምንታምር ሆኖ ቀረ።

ተረቴን ባትመልሱም ጆጉን መልሱልኝ፤ እኔም የማጠጣው አለኝ።