የእሑድ ጸጥታ

ጀርመን አገር የምትኖር አንዲት የደብረ ታቦር ሴት እሑድ ጠዋት ለልጇ ሳል ዝንጅብል ስትወቅጥ፣ አከራይዋ በሯን እየደበደበ መጣ።

«የቤቱን ሕግ አታነቢም? እሑድ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው! ነገውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» ብሎ ሲያንባርቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ብቅ ብቅ አለ።

ሴትዮዋ የታመመ ልጅ ይዛ የት እንደምትገባ ጨነቃት። ጀርመንኛዋም ገና ነው፤ ከቋንቋ ትምህርቱ አጥብቃ የያዘችው «ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ብቻ ነበር። እጅ ነሣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጌታዬ፣ እሑድ መጮህ የሚፈቀደው ለአከራይ ብቻ ነው ወይስ ለተከራይም ይፈቀዳል?» አለችው።

አከራዩ ዞር ብሎ ጎረቤቶቹን አየ። ስለ ዕቃዋም ዳግመኛ አላነሣም። ደረጃውን የወረደው ጫማውን አውልቆ ነው።