ሰንደቁን ያወረደው አዛዥ

አንድ ኢቨር የሚባል የመርከብ አዛዥ ነበር። ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነው ከእንግሊዝ ጋር በሚዋጉበት ዘመን፣ በኖርዌይ ጠረፍ አንዲት ትንሽ የጦር መርከብ ይመራ ነበር። እንግሊዞች ባሕሩን ስለዘጉት ከዴንማርክ እህል መምጣቱ ቀርቷል። የጠረፉ ሰው የዛፍ ቅርፊት እየፈጨ፣ ከቀረችው ዱቄት ጋር እየቀላቀለ ይጋግር ጀመር። ልጆቹን የቀበረ ብዙ ነው።

በመጨረሻ እህል የጫኑ ጥቂት ጀልባዎች አምልጠው መጡ። ወደቡ ለመድረስ በደሴቶች መካከል ያለውን፣ ትልቅ መርከብ የማይገባበትን ጠባብ መተላለፊያ ማለፍ ነበረባቸው። ኢቨር ከኋላ ሆኖ ሲጠብቃቸው አንድ ትልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደረሰበት። የመጀመሪያው ተኩስ የኢቨርን መርከብ የሸራ ምሰሶ ጣለ፤ ኢቨርም በመድፍ መለሰ፤ ሁለተኛው ተኩስ ግን የመርከቡን መሪ ሰበረው።

ምክትሉ ክላውስ በጭሱ ውስጥ እየተደናበረ መጣ።

“ባሩድ አለን፣ ጌታዬ። እስክንሰጥም መተኮስ እንችላለን።”

“ለመስጠም ምን ያህል ይፈጅብናል?”

“ብዙም አይፈጅብንም።”

“ከዚያስ?”

ክላውስ ወደ እህል ጀልባዎቹ ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ እንግሊዙ በላያቸው አልፎ እህሉን እንደሚይዝ ሁለቱም ያውቃሉ።

“ሰንደቁን አውርድ” አለው ኢቨር።

“ኧረ ጌታዬ፣ ስማችንስ?”

“ስማችንን ማን ይበላዋል? አውርድ።”

በባሕር ጦርነት ልማድ ሰንደቁን ያወረደ መርከብ የማራኪው ነው። ማራኪው ግን ቆሞ፣ ጀልባ ልኮ፣ የአዛዡን ሰይፍ ተቀብሎ የራሱን ሰዎች ካላስገባበት ምርኮው አይጸናለትም። እንዲህ ያለ ሲሳይ ጥሎ የሚሄድ ደግሞ የለም። እንግሊዙ ቆመ።

ሰይፉን ሊረከብ የመጣው መኮንን ኢቨርን በክፍሉ ውስጥ ሣጥን ሲበረብር አገኘው። በመስኮቱ በኩል የመጨረሻዋ የእህል ጀልባ ሸራ ይታያል፤ ገና ደሴቱን አልዞረችም።

“ሰይፌን አጣሁት” አለ ኢቨር።

“ወገብዎ ላይ ነው” አለ መኮንኑ።

“ይኼማ የአዘቦቱ ነው። እጄን የምሰጠው በየቀኑ አይደለም፤ የክብሩን ልፈልገው እንጂ።”

መኮንኑ ሳቀና ጠበቀው። ኢቨር አንዱን ሣጥን ዘግቶ ሌላውን ከፈተ። ሸራዋ ከደሴቱ ጀርባ ስትሰወር የክብሩ ሰይፍ አልጋው ሥር ተገኘ። የእንግሊዙ አዛዥ ሰይፉን ተቀበለ፤ በደንብ ለተዋጋ ሰው እንደሚደረገውም መልሶ ሰጠው።

ኢቨር በምርኮኛ ልውውጥ አገሩ ሲገባ ፍርድ ቤት ጠበቀው። መዋጋት እየቻለ ሰንደቁን ያወረደ አዛዥ ማዕረጉን እንደሚገፈፍ ሕጉ ይደነግጋል። ችሎቱ የተቀመጠው እህሉ በገባበት በዚያው ወደብ ነው።

“ባሩድ ነበረህ?” አለ ዋናው ዳኛ።

“ነበረኝ።”

“ሰንደቁን አወረድህ?”

“አወረድሁ። ለምን እንዳወረድሁ እኔ ብናገር ራሱን ሊያድን ነው ትላላችሁ፤ ክላውስ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት።”

ክላውስ ተጠራ። የራሱ መርከብ ሊሰጠው መሆኑ በከተማው ይወራ ነበር።

“ትእዛዙን ተቃውመህ ነበር?”

“አዎ፣ ተቃውሜ ነበር።”

“የምትጨምረው ነገር አለ?”

ክላውስ የኮቱን ቁልፍ ነካካ። “የለኝም” አለ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ለዳኞቹ ዳቦ መጣ፤ ከእሱም ለተከሳሹ ተቆርሶ ተሰጠው። ኢቨር በጣቱ ፈርፍሮ ተመለከተው። ቅርፊት አልነበረበትም። ዳኞቹ አፋቸውን ጠርገው ተመለሱና ማዕረጉን ገፈፉት። ጠላት የመለሰለትን ሰይፍ የራሱ ሰዎች ወሰዱበት።

ወዳጄ ሆይ፣ በዚያ ችሎት አንድም የሐሰት ቃል አልተነገረም። ሰውን ለማጥፋት ሁልጊዜ መዋሸት አያስፈልግም፤ እውነቱን ግማሽ መንገድ ላይ አድርሶ ዝም ማለት ይበቃል። ጠላት የሚፈራህን ያህል ያከብርህ ይሆናል። ያዳንኸው ሰው ግን ጠግቦ ሲፈርድብህ፣ የሚያውቅልህም ቁልፉን ሲነካካ ታያለህ።

አንተስ ዛሬ የቆረስኸው ዳቦ የማን ሰንደቅ ወርዶ እንደደረሰልህ ታውቃለህ? ካወቅህስ፣ “የምትጨምረው ነገር አለ?” ስትባል ምን ትመልስ ይሆን?