የሐጂ ሙዘይን የኋላ ወንበር

ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር፣ መካከል ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ብጠራው የየአገሩ ልጅ «ሐጂ ሙዘይን የእኛ ናቸው» እያለ ይከራከረኛል። በደግ ሰው መሻማት ደስ የሚል ጠብ ስለሆነ ልተወውና ይቀጥል። በዚያ ዘመን በከተማዋ አንድ መስጂድ፣ አንድ የእህል ገበያ፣ አንድ ጋራዥና አንዲት የቤት መኪና ነበሩ። የጎደለ ነገር ያለ የሚመስለው ሰው አልነበረም።

መኪናዋ የእህል ነጋዴው የሐጂ ሙዘይን ነበረች። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር ኢንጂነር ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠላቸው። ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ሆደ ሰፊ ነበረች። የኋላ ወንበሯ እንደ መደብ የረዘመ ስለነበር ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል። ሐጂ ከመካ በተመለሱ በሳምንቱ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ተነሥተው ቆሙና በሕዝቡ ፊት ነየቱ። «የፊቱ ወንበር የእኔ ነው። የኋላው የበሽተኛ ነው፤ ለአላህ ሰጥቼ ወቅፍ አድርጌዋለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ሆስፒታሉ ያለው የአራት ሰዓት የኮረኮንች መንገድ ተሂዶ ነው። ምጥ የጠናባት፣ እባብ የነደፈው፣ ከዛፍ የወደቀ፣ ሁሉም በዚያች ወንበር ላይ ሄዷል። ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች «እኔ የተወለድኩት መኪናዋ ውስጥ ነው» እያሉ ይኩራራሉ። ሁለቱ እውነታቸውን ነው። በሽተኛ በሌለ ቀን ደግሞ ሐጂ እህላቸውን ጭነው ገበያ ይወጣሉ፤ የቤተሰባቸው እንጀራ ከዚያው ነው።

የጋራዡ ባለቤት ኑርዬ ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ኩራቱም ከእጁ አያንስም። አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ሐጂ መኪናዋን ጭራዋን መሬት እያስጎተቱ ነድተው መጡ። የኋላ ባሌስትራዎቿ ዝለው፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ድንጋይ እየፋቀ ነበር። ባሌስትራ ከመኪና ጭራ ሥር የሚታሰር፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ድርብርብ ብረት ነው። የሰውንም የዕቃንም ሸክም የሚችለው እሱ ነው።

«ኑርዬ፣ ለዚህች አሮጊት ወገብ ፈልግላት» አሉት ሐጂ።

ኑርዬ ትልቁ ከተማ ወርዶ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ሁለት ቀን ዞረ። ሁለት ጥንድ አገኘ። አንደኛው ከእሷው ዓይነት መኪና የወለቀ፣ አምስት ስስ ብረት ያለው፣ ዳር ዳሩን ዝገት የጀመረው ነበር። በእጁ ሲጫነው እሺ ይላል። ሁለተኛው ከጭነት ፒክአፕ የወለቀ፣ ዘጠኝ ወፍራም ብረት የተደራረበበት፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። እሱን ቆሞበት ቢዘል እንኳ ንቅንቅ አላለም።

በዚያች ከተማ የባሌስትራ ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፤ ጆንያ መጫን። እህል ገበያው መሐል አራት ጆንያ ማሽላ ይጫንና፣ ጭራው ያልተቀመጠ መኪና «ወንድ ነው» ይባላል። ሠሪውም አብሮ ወንድ ይባላል። ኑርዬ ስሱን ጥንድ ሲያይ የታየው ጭራዋ ከጆንያው በታች ተቀምጣ ሰዎቹ ሲስቁ ነበር። ወፍራሙን ገዝቶ ተመለሰ።

«ሌላ አልነበረም?» ብለው ጠየቁት ሐጂ፣ የብረቱን ውፍረት አይተው።

«አልነበረም ሐጂ። ያለው ይሄ ብቻ ነው።»

ክፋት አስቦ አይደለም። መርጦ የመጣ ሰው «ለምን ይሄን?» መባል ይከብደዋል፣ ያንን ጥያቄ ሊዘልለው ብሎ ነው። ሐጂም የሙስሊምን ቃል የሚጠራጠሩ ሰው አልነበሩምና «አላህ ይጨምርልህ» ብለው ተቀበሉት።

ባሌስትራው በታሰረ ቀን ገበያተኛው ሁሉ ወጣ። አራት ጆንያ ተጫነ። ጭራዋ አልተቀመጠችም። አምስተኛ ተጨመረ፤ እንደ ጊንጥ ሽቅብ እንደተሰቀለች ቀረች። «ማሻአላህ!» ተባለ። ኑርዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ያልሰማ መስሎ ሁሉንም ሰማ።

በሳምንቱ እሜት ጦይባ ወደቁ። እሜት ጦይባ የሟቹ የቁርኣን መምህር ባለቤት ናቸው፤ ከወንዝ ሲመለሱ አዳልጧቸው ጭናቸው ተሰበረ። ሐጂ መኪናዋ እንድትቀልላቸው ብለው የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ባዶ አደረጉና በኋላው ወንበር ላይ አስተኟቸው። የእሜት ጦይባ ልጅ ሉባባ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኑርዬ ደግሞ የሠራውን ሊያዳምጥ ፊት ገባ።

ያዳመጠው ሌላ ነው። ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ወፍራም ብረት ባዶ መኪና ላይ ሲታሰር አይታጠፍም፤ ድንጋዩ ያለውን ሁሉ ምንም ሳያስቀር ወደ ላይ ያደርሳል። እሜት ጦይባ መጀመሪያ የአላህን ስም እያነሡ ዚክር ያደርጉ ነበር። ቀጥሎ አቃሰቱ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ማቃሰቱንም አጡት፤ የሚሰማው ሉባባ «ያረቢ፣ ያረቢ» ስትል ብቻ ሆነ። ሐጂ አህያ እስኪቀድማቸው ድረስ ቀስ አሉ፤ አልረዳም። ኑርዬ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም። ያ ስሱ ባሌስትራ፣ እጁ ሲጫነው እሺ ያለው፣ ከፊቱ አልጠፋ አለ።

ሆስፒታል ደርሰው የእሜት ጦይባ እግር በጀሶ ታሰረ። ወር ከምናምን ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የሉባባን መልእክት ይዞ መጣና መስጂዱ በር ላይ ለሐጂ ነገራቸው። «ሐኪሙ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ብሎናል። ረመዳን ሊገባ ነውና እናቴ ቤቷን ቤቷን ትላለች። ነገር ግን 'በዚያች መኪና ከምመለስ እዚሁ ልቀበር' ብላ ምላለች።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። በሽተኛ የሚተኛበት ሌላ መኪና የለም። ወደ ቤታቸውም አልሄዱም፤ በቀጥታ ጋራዥ መጡ።

«ኑርዬ፣ ከኋላ ግባና ተኛ።»

«እኔ ሐጂ?»

«አንተ።»

ተኛ። ሐጂ መሪውን ይዘው ወደ ኮረኮንቹ ወጡ። ጤነኛ ነው፣ ጎልማሳ ነው፣ አጥንቱ ሙሉ ነው፤ ሆኖም ሦስተኛው ጉብታ ላይ ጥርሱ ተጋጨ፣ አምስተኛው ላይ ጎኑን ያዘ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተወ። ከከተማዋ ውጭ ካለው ሾላ ጥላ ሥር ሲደርሱ ሐጂ አቆሙ።

«ሐጂ» አለ ኑርዬ እንደተኛ፣ «ሌላ ነበረ። ስስ፣ የራሷ ዓይነት። 'የለም' ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

ኑርዬ ካረጀ በኋላም ሲያወራው፣ ያንን ሰዓት ያህል የፈራው ነገር እንደሌለ ይናገር ነበር። የሐጂ አንገት ሥሩ ተገታተረ። በሩን ከፍተው ወረዱ። ለራዲያተር የሚይዙትን የውሃ ጀሪካን አወጡ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ውዱእ አደረጉ። ቁጣ የያዘው ሰው ይቀመጥ፣ በውሃም ያብርደው የሚለውን ትምህርት ብዙዎቻችን መስጂድ ውስጥ ሚምበር ላይ ስንናገረው እናምራለን። እሳቸው ያደረጉት መንገድ ዳር ነው፣ አንድም ሰው ሳያያቸው፣ መቆጣት በሚያምርባቸው ሰዓት።

ሲነሡ ድምፃቸው ረግቶ ነበር። «እኔ አውፍ ብዬ ይቅር ልልህ አልችልም፤ ሐቁ የእሜት ጦይባ ነው። ግን ካንተ በፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ወቅፍ ያልኩት እኔ፣ አንድም ቀን ተኝቼበት ያላየሁትም እኔ። ተነሥና ያንን ብረት ፈልግ።»

ኑርዬ በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ትልቁ ከተማ ወረደ። ስሱ ጥንድ ከአሮጌ ጎማ ክምር ሥር እንደተጣለ አገኘው። ይዞት ተመልሶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ዘይት ቀብቶ አሰረው። ገበያተኛው እንደ ልማዱ ጆንያውን አመጣ። በሁለተኛው ጆንያ ጭራዋ ዝቅ አለች፣ በሦስተኛው ተቀመጠች። «ኑርዬ ምን ነካው? የቆመችውን አስቀመጣት እኮ» እያሉ ሳቁበት። ፊቱ ጋለ፤ ብረቱን ግን መልሶ አልፈታም።

ሐጂ ጆንያውን አስወረዱ። ጥምጣማቸውን ፈትተው ለአንዱ አስያዙና፣ እንደዚያ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ገበያ መሐል የኋላ ወንበር ላይ ተጋደሙ። «ንዳ» አሉት ኑርዬን። ሾላው ድረስ ደርሰው ሲመለሱ ወርደው ልብሳቸውን አራገፉ። «አልሐምዱሊላህ። በል ነዳጅ ሙላ፤ ነገ ሱብሒ ሰግደን እንወጣለን።»

በማግስቱ ሆስፒታል ሲደርሱ እሜት ጦይባ ግን መኪናዋን በመስኮት እንዳዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኑርዬ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እሜት፣ ያን ብረት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለስላሳው እያለ 'የለም' ብዬ ሐጂን ዋሸሁ። ሥቃዩ ግን ለእርስዎ ሆነ። አሁን ቀይሬዋለሁ። አውፍ ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ልባቸው ቤታቸው ነው፤ አካላቸው መንገዱን ፈርቷል። «አውፍ የምልህ ቤቴ ስደርስ ነው» አሉት በመጨረሻ። «እሱንም መንገዱ ይንገረኝ። አንሡኝ።»

ሐጂ ነዱ። ኑርዬ ፊት ተቀምጦ ጉልበቱን ጨብጧል። የመጀመሪያው ድንጋያማ ቦታ ሲደርሱ ሉባባ የእናቷን እጅ ያዘች፤ እሜት ጦይባ ዓይናቸውን ጨፍነው ዚክራቸውን ጮክ አደረጉ። መኪናዋ ወረደች፣ ወጣች፣ እርግድ አለችና አለፈች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ዚክሩ ቀጠለ፤ ኑርዬ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ከወንዙ ወዲህ ሲሆኑ ድምፁ ድንገት ተቋረጠ።

ባለፈው ድምፃቸው የጠፋው ማቃሰት ሲያቅታቸው ነበር። ኑርዬ መዞር ፈራ፤ በስፖኪዮው ለማየትም ፈራ። ኋላ እንደምንም ዞረ።

ተኝተዋል። አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ወርዶ፣ እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ሉባባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በእንባ ትስቃለች።

ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። እልልታው ሊጀመር ሲል ሐጂ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ዝም አሰኙት። መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ በሯን የከፈተ ግን የለም። ያ ሁሉ ሰው አንዲት አሮጊት እንቅልፏን እስክትጨርስ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ዓስር ሊሰገድ ጥቂት ሲቀረው ነቁ።

«የት ደረስን?» አሉ።

«ቤትዎ ነን እሜት» አለች አንዲት ጎረቤት።

ቤታቸውን አዩ፣ ሰውን አዩ። «ኑርዬ የታል?»

«አቤት እሜት።»

«አውፍ ብዬሃለሁ። በዱንያም በአኺራም።»

ኑርዬ ከመኪናዋ ጀርባ ሄዶ አለቀሰ። ጆንያ ተሸክማ አልቀመጥ ባለች ጊዜ «ማሻአላህ» ካሉለት ሰዎች ግማሾቹ እዚያው ቆመው ነበር፤ አላፈረም።

ረመዳንን እሜት ጦይባ ቤታቸው ሆነው ተቀበሉት። ለሐጂ ግን የመኸር ገበያ የሚሞቅበት ወቅት ነበር። ኑርዬ ነገሩ አስጨንቆት፣ አንድ ቀን መስጂድ ደጃፍ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ጠበቃቸው።

«ሐጂ፣ ይሄ ባሌስትራ እህል አይችልም። ወፍራሙ ቢሆን በአንድ ጉዞ አምስት ጆንያ ያደርስልዎት ነበር። ገበያው ላይ ሌሎቹ እየቀደሙዎት ነው።»

ሐጂ ጫማቸውን አጥልቀው ጨረሱ።

«ጆንያ አያቃስትም፣ ልጄ» አሉት። «እሱ በግመል ይሂድ።»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ እህላቸው በግመል ሄደ፣ ሁለት ቀን እየዘገየ ደረሰ።

ይህን የሐጂን ቃል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ለእንግዳ የምናሳምረውን ቤት፣ ለምስክር የምናስረዝመውን ሶላት፣ ሰው ያይልናል ብለን የምንሰጠውን ሰደቃ ሁሉ፣ ገበያ መሐል ጆንያ ጭነን የምንፈትነው እኛ ነን። ጆንያ ደግሞ ለማንም መልካም ምስክር ይሆናል፣ አይናገርማ። ሐጂ ሙዘይን ያወቁት፣ አንድ ሥራ ለአላህ ከተባለ ምስክሩ ከኋላ የተጋደመው ሰው መሆኑን ነው። ያ ሰው የት እንደሚያመው ለማወቅም ቦታው ላይ መተኛት ያስፈልጋል።

የዚያ ዘመን ሰዎች አልቀዋል፤ ናፍቆታቸው ግን አላለቀም። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ አምቡላንሱም አለ፤ ምስጋና ለእሱ ለጌታችን። ኑርዬ እጁ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ጋራዡን አልዘጋም። ባሌስትራ ሊያስቀይር የመጣን ሰው፣ ክሪኩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀው ነበር፦ «ከኋላ የምታስቀምጠው ማንን ነው?» አብዛኛው ሰው ይስቅና ዕቃውን ይቆጥርለታል። አንዳንዱ ግን የእናቱን ስም ይጠራል። ኑርዬም ያን ጊዜ ነበር ከመኪናው ሥር የሚገባው።