የውሃ አባቱና የበሞቴ ገበታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የውሃ አባት» በሉኝ። አንዴ ይበቃል፣ አትጩኹብኝ፣ ገና አልደነቆርኩም። በሉ ጠጋ በሉ። ያቺ የምትንሾካሾከዋም ትስማ፤ ኋላ «ምን ሆነ? ማን ሞተ?» ብትለኝ አልመልስላትም። ለነገሩ በዚህ ተረት ማንም አይሞትም፣ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ጥድ አፋፍ የምትባል ከገደል ሥር ያለች መንደር ነበረች። ከገደሉ አናት ምንጭ ይፈልቃል። ከምንጩ አንዲት ቦይ ትወርዳለች። ሃያ ሦስት አባወራ ከዚያች ከአንዲት ቦይ በተራ ያጠጣል። ተራ ባለበት ደግሞ ጠብ አይጠፋም። ስለዚህ መንደሩ አንድ ሰው ይሾማል፤ የውሃ አባት ይሉታል። ውሃው ዛሬ ወደ ማን ማሳ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው።

የዚያን ጊዜው የውሃ አባት ደምለው ይባላል። አያ ደምለው አድልዎ አያውቅም። ለገዛ ወንድሙ እንኳ ከተራው በላይ አንድ ጭልፋ ውሃ አይጨምርም። የማይችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። እንቢ ማለት አይችልም።

እናንተም ሰው ቤት ስትሄዱ «ብሉ» ሲሏችሁ አንዴ «ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ፣ ሁለቴ «ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ፣ በሦስተኛው ባለቤቲቱ «በሞቴ» ስትላችሁ እጃችሁ ይዘረጋል። በሞቴ ተብሎ እንዴት እንቢ ይባላል? አያ ደምለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የአንዱን በሞቴ ሰምቶ የሌላውን ቢተው «የውሃ አባቱ ለእገሌ አደላ» ይባላል። እና ላለማዳላት ብሎ የሃያ ሦስቱንም ይበላ ነበር። አያችሁ፣ ደግነትም ዝም ብለው ከለቀቁት መዘዝ አለው።

ጠዋት አንዱ ቤት በቅቤ የራሰ ፍርፍር ይቀርብለታል። ረፋድ ላይ ሌላው ቤት ዶሮ። ቀትር ላይ ጥብስ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይሉና ሁለተኛውን ያጎርሱታል፤ ከሁለተኛው በኋላ የሚቆጥር የለም። ጠላው በዋንጫ፣ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል። በጾም ወራት ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ ፋሲካ ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይመልሰዋል። ውሃስ? የውሃ አባት ሆኖ ውሃ ከቀመሰ ዓመታት አልፈዋል። ለተከበረ እንግዳ ውሃ ማቅረብ ነውር ነው ይሉ ነበር የጥድ አፋፍ ሰዎች፣ እሱም አምጡልኝ ለማለት ያፍራል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ መታጠቂያው አጠረ። ከዚያ በቅሎው ኮርቻ ስታይ መሸሽ ጀመረች። ከዚያ የራሱ ትንፋሽ አጠረና ቦዩን እየተራመደ ማየት ተወ። ከደጁ ተቀምጦ «ዛሬ የእገሌ ተራ ነው» ይልና ያንቀላፋል። ቦዩን ማን እንደሚነድለው በምን ይወቅ?

አጎናፍር ግን ያውቅ ነበር። አጎናፍር ሀብታም ነው፤ ማሳው ከሁሉ በላይ፣ እምንጩ አፍንጫ ሥር ነው። የውሃ አባቱ እንደማይወጣ ሲያውቅ ቦዩን በጠራራ ፀሐይ ይነድልና ወደ ራሱ ሽንኩርት ይለቀዋል። የላይኛው ሲሰርቅ የሚደርቀው የታችኛው ነው። ከሁሉ ታች ያለው ማሳ ደግሞ አንጓች የምትባል፣ ባሏ ተረቱ ሳይጀምር ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ማሳ ነበር። ዘንድሮ ጎመኗ ቢጫ ሆነ። ድንቿ አላፈራም።

አሁን ሕጉን ስሙ። በዓመት አንድ ቀን ቦዩ ይደርቅና ይጠረጋል። በማግስቱ የውሃ አባቱ ከመንደሩ ተነሥቶ፣ ገደሉን ወጥቶ፣ የቦዩን አፍ በገዛ ዶማው ይከፍታል። በበቅሎ አይሆንም። በሰው ትከሻም አይሆንም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ካልከፈተ ሹመቱ ወደ ሌላ ይሄዳል። አምና አያ ደምለው እያለከለከ የደረሰው ፀሐይዋ ጥቂት ሲቀራት ነው። አጎናፍርም ያንን አይቶ የዘንድሮው ሹመት የኔ ነው ብሎ በየጠላ ቤቱ አወራ። እሱ ከተሾመ ደግሞ አንጓች ልጆቿን ይዛ አገር ጥላ መሄዷ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

ቀኑ ሦስት ወር ሲቀረው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። መካሪ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

መጀመሪያ ከቆላ አንድ ሰው መጣ። ሁሉንም ተው አለው። ሥጋም ቅቤም እንጀራም ተው፣ በቀን አንድ ጭብጥ በሶ ብቻ ብላ። አያ ደምለው ስምንት ቀን ታገሠ። በነዚያ ስምንት ቀናት ሚስቱን ተቆጣ፣ ውሻውን ተቆጣ፣ ፍርድ ላይ ያስነጠሰ ሰው ቀጣ። በሕልሙም በእውኑም የሚያየው እንጀራ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን በመንገዱ ላይ የሠርግ ዳስ አገኘና ገባ። የሆነውን ሁሉ አልነግራችሁም። ሙሽራው ምሳ አጣ ብቻ ልበላችሁ።

ቀጥሎ አንድ ባለመድኃኒት መጣ። ይኼኛው ደግሞ ኮሶ ጠጣ አለው። ኮሶን የማታውቁ ተመስገን በሉ፤ ድሮ የሆድ ትል ለማስወጣት የሚጠጣ መራራ ነገር ነው። የአያ ደምለው ሆድ ውስጥ ምንም ትል የለም፣ ያለው የመንደሩ ድግስ ነው። ቢሆንም ጠጣ። በሳምንቱ ደገመ፣ በሌላው ሳምንት ሠለሰ። ሰውነቱ ቀለል አለ፣ ጉልበቱም አብሮ ሄደ። ቦይ እሻገራለሁ ብሎ እጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ አዘኑለትና ሊያስታምሙት ገንፎ ይዘው መጡ፣ መሐሉ በቅቤ የተሞላ። «በሞቴ» አሉት።

በሦስተኛው አንጓች መጣች። ባዶ እጇን የመጣች እሷ ብቻ ናት። እደጁ ላይ ተቀመጠችና ነገሯን ቀስ ብላ ተናገረች።

«አያ ደምለው፣ እንቢ በል አልልህም። አታውቅበትም። በሞቴ ያለህን ሁሉ እሺ በለው። ብቻ የምበላው ከማሳህ ጫፍ ላይ ነው በል። ምግቡን በሞቴ ያለው ሰው ራሱ ተሸክሞ ይምጣ፣ ራሱ ያጉርስህ።»

«የምተወው ምንድን ነው?» አላት።

«ምንም።»

ቅቤስ ብሎ ጠየቀ፣ ቅቤም ብላ አለችው። ጠጅስ አለ፣ ከመጣልህ ጠጣ አለችው። አያ ደምለው አላመናትም። ሁለት መካሪ አቃጥሎታላ። ግን ነገሩ የሚጎመዝዝም የሚያስርብም ስላልሆነ ልሞክረው አለ።

በማግስቱ አንዷ ዶሮ ሠርታ ጠራችው። እሺ ብሎ ወደ ማሳዋ ጫፍ አዘገመ። ሴትዮዋ ድስቱን፣ መሶቡንና እንስራውን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ወገቧ ሊቆረጥ ደረሰ። በሌላው ቀን ሌላው ሰው እንስራውን እቤቱ ተወው። በሦስተኛው ቀን የመጣ ሰው ድስቱንም ተወው። ሰው ማሳ ድረስ የሚሸከመው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ዳቦ ነው። ንፍሮ ነው። ጎመንና ሽሮ የተጠቀለለበት እንጀራ ነው። እርጎ በቅል ነው። አያ ደምለው እንዳያዳላ ቃሉን ለሁሉም እኩል አደረገው፣ ለባለጸጋውም ለድኻውም፣ ከማሳህ ጫፍ።

ማሳ ላይ ደግሞ ብቻውን የሚበላ የለም። የሚኮተኩተው ይመጣል፣ የሚያርመው ይመጣል፣ መንገደኛው «እንብላ» ይባላል። ለአንድ ሰው የመጣው እንጀራ ላይ ሰባት እጅ ያርፋል። ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፤ እያወሩ ሲበሉ አይጣደፉም። ሲጠማው ጠጁ ሩቅ ነው፣ ቦዩ ቅርብ ነው። አንዱ በቅል ቀድቶ ሰጠው። አያ ደምለው ቅሉን ጨለጠና ድገመኝ አለ። ኋላ ለሚስቱ ሲነግራት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ውሃ ለሰው ሳከፋፍል አንዴ እንኳ አልቀመስኩትም፣ እንዴት ያለ ሞኝ ነኝ አላት። እሷም አልተከራከረችውም።

ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው መንገድ አለው። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። አንድ ቀን እየሄደ ሳለ አንድ የረሳው ነገር መጣበት። ራበው። ከሦስት ዓመት በኋላ ራበው ልጆች። የዚያን ቀን የበላው የባቄላ ንፍሮ ነው፣ ጨው እንኳ በቅጡ አልነካውም፣ ግን እንዲያ የጣፈጠው ነገር የለም። ሲበቃው ተነሣ። ማንም ተነሣ አላለውም፣ ቀጣዩ ማሳ ስለሚጠብቀው ነው። በዓል ሲሆን ቤቱ ዶሮ ይሠራል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ከነሚስቱ ከነጎረቤቱ ደስ ብሎት ይበላል፣ ደስ ብሎት ይጠጣል። ዶሮውም በየቀኑ መሆኑ ሲቀር በዓል በዓል ሸተተው።

እየሄደ ደግሞ ዓይኑ አይዘጋም። የአጎናፍርን ንድል አየ። በዶማው ደፈነው። በማግስቱም አየ፣ በማግስቱም ደፈነው። ውሃው ታች ድረስ ወረደ፤ የአንጓች ጎመን እንደገና አረንጓዴ ሆነ።

አጎናፍር ነገሩ አላማረውም። ሰውዬው እግር አወጣ። ስለዚህ ቦዩ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ አንድ ተንኮል አሰበ። በሬ ጣለ። መንደሩ ጫፍ ላይ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ከደጁ ፊት ምንጣፍ አነጠፈ፣ ጥሬ ሥጋውን ሰቀለ፣ ጠጁን ደረደረ። ከንጋት ጀምሮም ልቅመሰው፣ በርበሬው በቅቶት እንደሆነ ልየው እያለ ሲቆርጥና ሲጎርስ ቆየ። አያ ደምለው ዶማውን ይዞ፣ መንደሩን አስከትሎ ሲመጣ ከፊቱ ቆመ።

«በሞቴ። ሳትቀምስ አትሄድም» አለው።

አያ ደምለው ከተቀመጠ ድግሱ እስከ ከሰዓት አይለቀውም፣ ፀሐይዋም አትጠብቀውም። እንቢ ካለ ደግሞ ከሃያ ሦስት ሰው የአንዱን ገበታ ረገጠ ይባላል፣ በሕዝብ ፊት ያዳላ የውሃ አባትም ሹመቱን ያስረክባል። አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አራቱን ልጆቿን ይዛ የምትሄድበትን መንገድ ሁሉ በልቧ አየችው፣ ፈራች።

አያ ደምለው ግን ፈገግ አለ።

«እበላለሁ እንጂ። የማንን በሞቴ እንቢ ብዬ አውቃለሁ? እንደ ሁሉም ሰው ከማሳህ ጫፍ ላይ ነው የምበላልህ። አንተው አምጣው፣ አንተው አጉርሰኝ።»

ይህን ብሎ ዳገቱን ያዘ። የአጎናፍር ማሳ ጫፍ የት እንደሆነ አልረሳችሁም መቼም። እምንጩ አፍንጫ ሥር ነው።

አጎናፍር አሽከሮቹን ጠራ። ሽማግሎቹ ተው አሉት፤ ሃያ ሁለቱ አባወራ በገዛ ትከሻው ተሸክሟል፣ ያንተ ትከሻ ከምን የተሠራ ነው አሉት። ምን ያድርግ፣ በሞቴ ያለው እሱ ነው። ሻኛውን በትከሻው፣ የጠጁን እንስራ በጀርባው አድርጎ ተነሣ። ጥቂት ሄደና ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ተነሥቶ ጥቂት ሄደና ከቋጥኙ ሥር ተቀመጠ። ሦስተኛ ሲቀመጥ ሸክም ላቅልል ብሎ ጠጁን ጠጣው። ሸክሙ ከጀርባው ወደ ሆዱ ዞረ እንጂ የት ይሄዳል።

አያ ደምለው በበኩሉ ቀስ እያለ፣ ሳያርፍም ሳይሮጥም ወጣ። አንድ ቦታ ቆመና ውሃ ጠጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ሲቀራት የቦዩን አፍ ከፈተ። መጀመሪያ ድፍርሱ ወረደ፣ ከኋላው ጥሩው። ከታች እልልታ ተሰማ። ያ የመጀመሪያው እልልታ የአንጓች ነበር።

አጎናፍር የደረሰው ውሃው የመንደሩን አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሻኛውን አወረደና እሣሩ ላይ ተዘረረ። አያ ደምለው አልሰደበውም። አጠገቡ ሄዶ ቁጭ አለና «በል አጉርሰኝ» ብሎ አፉን ከፈተ። አጎናፍር ቆርጦ አጎረሰው። ሥጋው ግሩም ሥጋ ነበር፣ ለምን ይዋሻል። የቀረውን በሬ ሰዎቹ ተከፋፍለው አወጡትና ሃያ ሦስቱ ቤት በሙሉ እዚያው ምንጩ ዳር ተሰብስቦ በላ። አንጓችንም አያ ደምለው በገዛ እጁ አጎረሳት።

ከምሳ በኋላ ሽማግሎቹ በአጎናፍር ላይ ፈረዱ። ቦዩን ስለነደለ ዓመት ሙሉ ከውሃ አባቱ ጋር እየዞረ የተነደለ ይድፈን፣ የሚበላውም ከዞረበት ማሳ ላይ ይሁን አሉ። በመጀመሪያው ወር አለቀሰ። በሁለተኛው ወር አጉረመረመ። በሦስተኛው ወር ራበውና ንፍሮ ጨምሩልኝ አለ።

ሰዎችም አያ ደምለውን መድኃኒቱ ምን ነበር ብለው ጠየቁት። የተውኩት ምግብ የለም አላቸው። «ድሮ ምግቡ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አሁን እኔ ወደ ምግቡ እሄዳለሁ።»

አባቶች «ማር ሲበዛ ይመራል» ይላሉ። የጥድ አፋፍ ሰዎች ደግሞ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይተርታሉ፦ እህል ጠላት አይደለም፣ ጠላቱ ልክ ማጣት ነው።

ተረቴን ጨረስኩ። ተራች አፉ በዳቦ ይታበሳል ይባላል። እኔ ዳቦውን ከእናንተ ጋር እቆርሳለሁ፣ አፌን በውሃ አብሱልኝ።