በፕላስተር የታሸገው ቁልፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ውሃ ሲባክን ማየት የማይችል።

ቆይ ይርዳው፣ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። ሚስትህን አስካለን የእናቷን መታመም ደብቀሃት ከቀብር በኋላ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ አልጋ ለይታ የልጆቹ ክፍል ነው የምትተኛው። አንተም «አባ፣ አስካለን ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃት? አፌ እስኪደክም ብያት ዝም አለችኝ። እሑድ ሽማግሌ ይዘው ይምጡና ያስታርቁን» አልከኝ። ሰምቻለሁ። መልሱ ግን ሽንት ቤት ውስጥ ስለሆነ እዚያ ድረስ አብረኸኝ ትገባለህ። ፊትህን አታጥቁር፤ የንስሐ አባት ከዚህ የባሰ ሲሰማ ነው የሚውለው።

ይህ ሰው በልጅነቱ የውሃ ችግር ያየ ነው። እናቱ ከሩቅ ምንጭ ውሃ በጀርባዋ እያዘለች ነው ያሳደገችው። ገመዱ ትከሻዋ ላይ ያወጣውን ጠባሳ እያየ አደገ። ሀብታም ከሆነ በኋላም ሰው ቧንቧ ከፍቶ ትቶ ጥርሱን ሲቦርሽ ካየ ሄዶ ይዘጋበታል። ይህን የምነግርህ ሰውዬው ክፉ እንዳልነበረ እንድታውቅ ነው። ክፉ ቢሆንማ ታሪኩን ላንተ አልነግርህም ነበር።

ከተማ ገባ፣ ሠራ፣ ቀናው፣ ፎቅ ቤት አቆመ። ላይ ቤት እሱና ሚስቱ ከልጆቻቸው ጋር ሆኑ። ታች ቤት እናቱን ከገጠር አምጥቶ አስቀመጠ፤ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትምና። የራሷ ክፍል፣ የራሷ ሽንት ቤት፣ ደጁ ላይ የምትሞቀው ፀሐይ ነበራት። ምንም አላጓደለባትም። እሷም በሄደችበት ሁሉ ልጄን ይባርክልኝ ትል ነበር።

በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ታንከር ይሞላል፣ ሲሄድ ከታንከሩ ይኖራል። ስለዚህ ሰውዬው ለላይ ቤት የሽንት ቤት መቀመጫ ሲገዛ ውሃ ይቆጥባል የተባለውን መርጦ ገዛ። አይተኸው ታውቃለህ። የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁልፍ አለው፤ ትንሽና ትልቅ። ትንሹን ስትጫን ግማሹ ውሃ ይወርዳል፤ ለሽንት ነው። ትልቁን ስትጫን ሙሉው ይወርዳል፤ ለሌላው ነው። የሠራው ሰው አስቦበታል። ከባዱን ነገር ከመቀመጫው የሚያነሣው ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ እስካለው ዋና የፍሳሽ መስመር ገፍቶ የሚያደርሰው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ለክቶ ነው ያስቀመጠው።

ሰውዬው ግን ትንሹን ሞከረው፤ ሁሉም ነገር ከዓይኑ ጠፋ። «ታዲያ ትልቁ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ፕላስተር አመጣና ትልቁን ቁልፍ ለጠፈበት። ለቤተሰቡም ሕግ አወጣ። ትንሹን ተጫኑ፣ አልወርድ ካለ እስኪሞላ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ትንሹን ተጫኑ አላቸው።

ደግሞም ሠራለት። ውሃ ሲጠፋ፣ የጎረቤቱ ታንከር ሁሉ ሲደርቅ፣ የእሱ አይደርቅም። እንግዳ ሲመጣ ሽንት ቤቱን ያስጎበኝ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ፕላስተሩን እያሳየ «ዘዴ ማለት ይቺ ናት» ይላል። እንግዳውም እሱም የሚያዩት መቀመጫውን ነው። መቀመጫው ነጭ ነው፣ ያበራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያያል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ ነው፣ ይርዳው። በግድግዳው ውስጥ ይወርድና በእናቱ ክፍል ወለል ሥር አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ ነው ከመንገዱ መስመር የሚገናኘው። ረጅም ነው። ግማሽ ውሃ ነገሩን ከዓይን ያርቀዋል እንጂ እዚያ አያደርሰውም። መሐል ላይ ጥሎት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ግማሽ ውሃም ትንሽ አርሶት፣ የራሱን ጨምሮበት፣ በላዩ ያልፋል። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ የሚሆነው በሒሳብ ነው። እዚያ ውስጥ የሚገፋው ውሃው አንድ ላይ መምጣቱ ነው። ተከፋፍሎ ከመጣ ቀኑን ሙሉ ቢወርድ ያው ነው።

ቀድማ የጠረጠረችው ሚስቱ ናት። «ይኼ ነገር ሲወርድ ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይንተከተካል። ሽታም አለው» አለችው።

«የጎረቤት ነው» አላት።

«ፕላስተሩን እናንሣውና አንድ ቀን እንኳ በደንብ ይለቀቅ።»

«አንቺ ውሃ ተሸክመሽ ስለማታውቂ ነው» አላት። በዚህ አፏን አስያዛት። አንድ ቀን ራሷ ልጣው ቢያገኘው ሌላ ፕላስተር አምጥቶ ደራርቦ ለጠፈበት።

አሁን ወደ ታች ቤት እንውረድ። ላይ ቤት ውሃ በተለቀቀ ቁጥር፣ በእናቲቱ ሽንት ቤት ወለል ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ጥቁር ውሃ ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ እፍኝ የማትሞላ ነበረች። እናቲቱ ደግሞ ዕድሜዋን ሁሉ ሜዳ ስትወጣ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ነጭ ዕቃ ከመጣች ጀምሮ ትፈራዋለች። አበላሸሁባቸው ብላ አሰበች። ልጇ ለውሃ እንደሚሳሳ ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለወንድ ልጅ መንገር ደግሞ ለእሷ ሞት ነው። ጨርቅ ይዛ ወለሉን መወልወል ጀመረች። ጨርቁን ሰው ሳያያት ታጥባለች፣ እየተደበቀች ታሰጣለች።

ሲብስባት ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ቀጥላ ራት ተወች። ሽንት ቤት ላለመግባት ብላ ነው እንዲህ የምትሆነው። በቤቱ ምግብ ሞልቶ፣ በልጇ ታንከር ውሃ ሞልቶ፣ አሮጊቷ ታች ቤት በጥም ከንፈሯ ይሰነጠቃል።

ልጅየው አይጠይቃትም አልልህም። ከሥራ ሲገባ በየቀኑ በሯ ላይ ይቆማል።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ምን ጎደለብኝ።»

«መስኮቱን ለምን ከፈትሽው? ብርድ ነው እኮ።»

«አየር ይሻለኛል።»

ይህን ሰምቶ ደረጃውን ይወጣል። መክሳቷን አላየም አልልህም። አይቷል። እርጅና ነው ብሎ ለራሱ መልስ ሰጠ። ገብቶ አጠገቧ ቢቀመጥ ኖሮ ሽታው ብቻ ይነግረው ነበር። አልገባም፤ በሩ ላይ ነው የሚጠይቃት።

እናቲቱ አገር ቤት ሳለች የሚካኤልን ጽዋ ትጠጣ ነበር። ከተማ ከገባችም በኋላ ያገሯን ሴቶች አፈላልጋ ማኅበር ገብታለች፤ ያላት ደስታም እሱ ነበር። ተራዋ ደረሰና ሴቶቹ በክፍሏ ተሰበሰቡ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። እሷም ለክት ያስቀመጠችውን ነጠላ ለብሳለች። ልጇ ደግሞ የእናቴ ድግስ ነው ብሎ ወዳጆቹን ላይ ቤት ጠርቷል።

ከእንግዶቹ አንዱ ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ፤ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ሰውዬው ተከትሎ ቢገባ ነገሩ እዚያው ተቀምጧል። ትንሹን ቢጫን አይወርድም፣ ቢደግም አይወርድም። ሌሎች እንግዶች በር ላይ ይጠብቃሉ። እንዲያ አፍሮ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ፕላስተሩን የላጠው። ትልቁን ቁልፍ ተጫነ። ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ወረደ፣ መቀመጫው ጥርግ አለ። ደስ አለው። እስኪሞላ ጠብቆ ደገመ፣ ሠለሰ። ስንት ዓመት የነፈገውን በአንድ ቀን ለቀቀው።

ወዴት ሄደ ትለኝ ይሆናል። ቱቦው ተደፍኗል። ክፍት የቀረው ታች ቤት ያለው መውረጃ ብቻ ነው።

ሴቶቹ ጽዋውን እየተቀባበሉ ሳለ በሽንት ቤቱ በር ሥር መጣ። ዛሬ የወረደው ብቻ አይደለም፣ የከረመውን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። ቄጤማውን እያነሣ መጣ። ሴቶቹ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ተነሡ፤ ጽዋውን የያዘችው ከፍ አድርጋ ያዘችው። እናቲቱ በእነሱና በውሃው መሐል ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ካየሁት ቆይቷል፣ አፍሬ ነው የደበቅኩት። ስለ ሚካኤል ይቅር በሉኝ።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ተንበርክካ መጥረግ ጀመረች።

ልጅየው ያን ሰዓት እጁን ታጥቦ፣ ደስ ብሎት፣ ምን ጎደለ ሊል ደረጃውን እየወረደ ነበር። እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆመ። እናቱ ከወለሉ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ ዕቃህን አበላሸሁብህ» አለችው።

የቀረው አጭር ነው። ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፣ ወለሉ ተቆፈረ፣ ቱቦው ተጠረገ። ሰውዬው እግሯ ላይ ወድቆ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገራት፤ ፕላስተሩን፣ ሚስቱ ስትናገር አለመስማቱን፣ ሁሉንም። «አይ ልጄ፣ አንተ ምን አደረግክ» አለችው። ያገሯን ሴቶች ግን ዓይን ለዓይን ማየት አቃታት፣ ማኅበሩንም ተወች። ሰንብታ፣ ገጠር ወንድሜ ቤት ውሰደኝ አለች። ለመናት፣ አለቀሰ፣ እንቢም አላለችውም፣ እሺም አላለችውም። በመጨረሻ ወሰዳት።

ሞተች እንድልህ እየጠበቅክ ነው። አልሞተችም። ብትሞትማ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። በየበዓሉ የሚያስፈልጋትን ይዞ ይሄዳል። ትስመዋለች፣ ትመርቀዋለች። እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ግን ውሃ አትጠጣም። በጣሳ ቀድቶ ያቀርብላታል፤ ትቀበለውና አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ሲሄድ ጣሳው እንደሞላ ነው። ለእሱ ብላ ውሃ በጀርባዋ ያመላለሰች ሴት በእሱ ፊት መጠጣት ከበዳት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ይርዳው። ያ ሰው አንተ ነህ።

የአስካለ እናት ሲያጣጥሩ ልጄን ጥሩልኝ አሉ። ወንድሟ ላንተ ደወለ። የልጃችሁ ሠርግ ደርሶ ነበርና ድግሱ እንዳይበላሽ ብለህ ደበቅካት። መርዶ ቢቆይ፣ ቢያንስ የሚቆየው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንተ ግን ሴትዮዋ ገና እየተነፈሱ፣ ስሟን እየጠሩ ነው የደበቅከው። ይህን አድርገህ ያልካት ምንድን ነው? «ይቅርታ በቃ፣ ለሠርጉ ብዬ ነው።» በበዓል ደግሞ «ይቅርታ ብያለሁ እኮ።» ልብስ ገዛህላት፣ አሁንም «በቃ ይቅር በዪኝ።» ይህ ሁሉ ትንሹ ቁልፍ ነው። አምሽቼ ገባሁ፣ ክፉ ቃል አመለጠኝ ለምትለው ትንሹ ይበቃሃል፤ ማንም ትልቁን አይጠይቅህም። ይኼ ግን ከባድ ነው። ይቅርታ ባልክ ቁጥር ካንተ ዓይን ይጠፋል፣ አንተም ወረደ ትላለህ። አልወረደም፤ እሷ የምትተኛበት ወለል ሥር ነው ያለው። ዝም አለችኝ ያልከኝ ሴት ጨርቅ ይዛ እየወለወለች ነው።

ስንት ጊዜ ብለህ ጠየቅከኝ። አንድ ጊዜ፣ ግን ሙሉውን። እንዲህ በላት፤ ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። እናትሽ እየጠሩሽ እንደነበር ነግሮኝ ነበር። ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት። የሰው ወሬ ፈርቼ ነው። የእናትሽን ስንብት የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ይኼው ነው ሙሉው። «ለሠርጉ ብዬ» የሚለው ከገባበት ግን ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ለእሑዱ ደግሞ አልመጣልህም፤ ሽማግሌም አትሰብስብ። ትልቁን ቁልፍ በሰው ፊት ልትጫነው ነው ያሰብከው። በሰው ፊት ከተጫንከው የሚፈሰው እሷ ላይ ነው። ሽማግሌ መሐል ተንበርክከህ ስታይህ አስካለ ምን እንደምትል እኔም አንተም እናውቃለን። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አጉል አኩርፌ ነው» ትላለች። ነጠላዋን አውርዳ ትጠርግልሃለች። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ አንተም እጅህን ታጥበህ ትወጣለህ።

መጀመሪያ ወለሉን ቆፍር። ብቻህን ገብተህ አጠገቧ ተቀመጥ፤ በሩ ላይ እንዳትቆም። የምትናገረው ይሸትሃል፣ ቻለው። እስክትጨርስ አትመልስላት። ያንተን ከዚያ በኋላ ትነግራታለህ።

ልቧ ይመለስልሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። የዚያ ሰውዬ ቱቦ ዛሬ ንጹሕ ነው፣ ትልቁም ቁልፍ ይሠራል፤ ታች ቤት ግን ማንም የለም። አስካለ እስከ ዛሬ ቤትህ ናት አልከኝ። እንግዲህ ተነሥ። ታች ቤት ሰው እያለ ሂድ።